የዱባይ የቡድን ጉዞ የመጨረሻ ቀን፦ ከሐዋሳ የሚሄዱ ተጓዦች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በእቁብ፣ በማኅበር ወይም በመሥሪያ ቤት ተሰባስባችሁ ዱባይ ለምትሄዱ ነው የተዘጋጀው፤ የምንጠቅሰው የዱባይ ሰዓት ሲሆን አቆጣጠሩ ግን የእኛው ነው፣ «ጠዋት 4 ሰዓት» ካልን ስልካችሁ ላይ 10:00 የሚለው ነው።

የመጨረሻው ቀን ለጉብኝት ስንት ሰዓት ይተርፈዋል?

ከበረራው ወደ ኋላ ቁጠሩ። ቡድን ሆኖ የሚጓዝ ሰው አውሮፕላኑ ከመነሳቱ ሦስት ሰዓት አስቀድሞ ኤርፖርት መገኘት አለበት። የቫት ተመላሽ የሚጠይቅ ሰው ካለ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ዴራ ከሚባለው የዱባይ ሰፈር ሆቴሎች ኤርፖርት ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ከ10 ሰዓት በኋላ መንገዱ ይጨናነቃል፣ የ15 ሰው ሻንጣ አውርዶ መኪና ላይ መጫን ደግሞ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ ከበረራው አምስት ሰዓት በፊት ሁሉም ሰው ሆቴል ተመልሶ ሻንጣው አጠገብ መሆን አለበት ብላችሁ ያዙ።

በዚህ ስሌት ማታ 4 ሰዓት የሚነሳ ቡድን እስከ 11 ሰዓት ድረስ ነፃ ነው ማለት ነው። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው፤ «በረራው ማታ ነው» ተብሎ ቀኑ ሙሉ የተረፈ ይመስላል፣ ከዚያ አንዱ ወደ ገበያ፣ ሌላው ወደ ዘመድ ይበተናል።

ትኬታችን «አርብ 02:45» ይላል። ከሆቴል የምንወጣው መቼ ነው?

ሐሙስ ማታ ነው። ትኬት ላይ አዲስ ቀን የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ አርብ 02:45 ማለት ሐሙስ ለአርብ አጥቢያ፣ ሌሊት 8:45 ነው። ከሐሙስ ማታ 5:45 በፊት ኤርፖርት፣ ከ4:45 በፊት ደግሞ መኪና ውስጥ መሆን አለባችሁ። አርብ ጠዋት ተነስቶ ሻንጣውን የሚያስር ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው ሰዓታት አልፈዋል ማለት ነው። ለሆቴሉም እንዲሁ፣ የመጨረሻው አዳር የረቡዕ ሌሊት ነው፤ ለሐሙስ ሌሊት ክፍል መያዝ አያስፈልግም።

የዱባይ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ስልክ ብዙውን ጊዜ ራሱ ያስተካክላል፤ የእጅ ሰዓት ያደረጉ አባቶችና እናቶች ግን የሐዋሳን ሰዓት ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። የቡድኑ መሪ የመገናኛውን ሰዓት ሲናገር የቀኑን ስም፣ «ማታ» ወይም «ሌሊት» የሚለውንና የፈረንጁን ቁጥር ሦስቱንም አንድ ላይ ይጻፍ፦ «ሐሙስ፣ ማታ 4:45፣ ስልክ ላይ 22:45»።

ክፍሉን ከለቀቅን በኋላ ሻንጣው የት ይቀመጣል?

ክፍል የሚለቀቀው አብዛኛውን ጊዜ ቀን 6 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሪሴፕሽኑ ሻንጣችሁን ያለ ክፍያ ተቀብሎ ቁጥር ያለው ወረቀት ይሰጣችኋል። ወረቀቱን ፎቶ አንሱት። ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ ወርቅና መድኃኒት ግን ከእናንተ ጋር ይቆዩ፤ ሻንጣ ክፍሉ ብዙ ሰው የሚገባበት የጋራ ቦታ ነው።

ለትልቅ ቡድን የምንመክረው አንድ ነገር አለ። በ15 ሰዎች መካከል አንድ ወይም ሁለት ክፍል እስከ ማታ ድረስ አስረዝሙ። የግማሽ ቀን ዋጋው ለብዙ ሰው ሲካፈል ትንሽ ነው፤ እናቶች ያርፉበታል፣ ሁሉም ገላውን ታጥቦ ልብስ ይቀይርበታል። ይህን ከአንድ ቀን በፊት ጠይቁ፤ በዕለቱ ጠዋት ክፍሉ ለሌላ እንግዳ ሊያዝ ይችላል። ሒሳብ ስትዘጉ «ቱሪዝም ድርሃም» የሚባል ክፍያ ብታዩ ማጭበርበር አይደለም፤ እንደ ሆቴሉ ደረጃ ለአንድ ክፍል በአዳር ከ7 እስከ 20 ድርሃም የሚከፈል የከተማው ግብር ነው። ከመጀመሪያው ተከፍሎ እንደሆነ ግን ወኪላችሁን ጠይቁ።

ለግማሽ ቀን የሚሆን ጥሩ ጉብኝት የት ነው?

አሮጌው ዱባይ፣ ማለትም ክሪክ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ግራና ቀኝ። ያለማመንታት ይህንን እንመክራለን። ለዴራ ሆቴሎች ቅርብ ነው፣ በእግር የሚዞር ነው፣ ለመግቢያ የሚከፈለው ትንሽ ነው፣ አንድ ሰው ቢደክመው ወይም ቢያመው በደቂቃዎች ወደ ሆቴል ይመለሳል። ከተማዋ ከነዳጅ በፊት በምን ትኖር እንደነበርም የሚታየው እዚሁ ነው፤ በዕንቁ ጠለቃ፣ በዓሣና በንግድ።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ከዴራ በኩል በአብራ ተሻገሩ። አብራ 20 ሰው ገደማ የሚጭን የእንጨት ጀልባ ነው፤ ዋጋው ለአንድ ሰው 1 ድርሃም ስለሆነ ሳንቲም ያዙ። በሐይቃችን ላይ በጀልባ ወደ ጉማሬዎቹ የሄደ ሰው ለዚህ አዲስ አይሆንም፤ እዚህ ግን ጎን ለጎን ጀልባ ስለሚበዛ እጅ ወደ ውጭ አይወጣም። ማዶ ስትወርዱ የጨርቃ ጨርቅ ገበያው ይጀምራል። ሻጮቹ ሻርፕ አንገታችሁ ላይ ጣል አድርገው «ዝም ብለሽ እዪው» ይላሉ፤ መግዛት ካልፈለጋችሁ ሳትቆሙ በፈገግታ እለፉ። ከዚያ በእግር ትንሽ ስትሄዱ አል ፋሂዲ ሰፈር ይደርሳል። ጠባብ መተላለፊያዎቹ ጥላ አላቸው፤ ጣራ ላይ ያሉት ባለ አራት ማዕዘን ማማዎች ነፋስ ይዘው ወደ ክፍሉ የሚያወርዱ የድሮ ማቀዝቀዣዎች ናቸው፤ ግድግዳው ከባሕር ኮራል ድንጋይ የተሠራ ነው። በአቅራቢያው ያለው የአል ፋሂዲ ምሽግ በ1787 የተሠራ ሲሆን በከተማው ካሉት ሕንፃዎች በዕድሜ ይበልጣል። እዚያው ሰፈር ውስጥ የቡና ሙዚየም አለ፤ የእኛ ጀበናና የቡና ሥርዓት ከሌሎች አገሮች አፈላል ጋር ጎን ለጎን ቀርቧል፣ ከሲዳማ ለሚመጣ ሰው ሳያዩት ቢመለሱ ያስቆጫል።

ወደ 4 ሰዓት ተኩል ላይ በአብራ ተመለሱ። በዴራ በኩል የቅመማ ቅመም ገበያው ከጀልባ መውረጃው ፊት ለፊት ነው፤ ሳፍሮን፣ የደረቀ ሎሚ፣ ዕጣን ይሸጣል። ከዚያ አለፍ ብሎ የወርቅ ገበያው አለ። ከ300 በላይ መደብር አለው፤ 64 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ግዙፍ ቀለበትም በአንዱ መደብር መስኮት ይታያል። ብዙ ሱቅ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ስለሚዘጋ ከ7 ሰዓት በፊት ጨርሳችሁ ለምሳ ውጡ።

ቡርጅ ኸሊፋን ሳናይ ቀረን። በመጨረሻው ቀን ማስገባት ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ሌላውን ሁሉ ትታችሁ። ሕንፃው 828 ሜትር ሲሆን ብዙ ሰው የሚወጣው 124ኛና 125ኛ ፎቅ ላይ ወዳለው መመልከቻ ነው። ትኬቱ በሰዓት የተወሰነ ስለሆነ አስቀድማችሁ ግዙ፤ ፀሐይ መጥለቂያው አካባቢ ያለው ሰዓት ዋጋው ይጨምራል፣ ወረፋውም ይረዝማል። ለመጨረሻ ቀን ጠዋት ይሻላል። ከሜትሮ ጣቢያው እስከ ዱባይ ሞል ያለው የተሸፈነ ድልድይ ረጅም ነው፤ ከዚያ ደግሞ በሞሉ ውስጥ ሌላ እርምጃ አለ። እግር የሚያማቸው ሰዎች ካሉ በታክሲ ሞሉ በር ላይ ውረዱ።

ለመውጣት የማይፈልግ ሰው ከሥር ሆኖ ማየት ምንም አይከፍልም። የውሃ ፏፏቴው ትርዒት ምሽት ላይ በየግማሽ ሰዓቱ ይታያል፤ በረራችሁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ አንድ ትርዒት አይታችሁ መመለስ ትችላላችሁ። ትርዒቱ ሲያልቅ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ሜትሮ ስለሚጎርፍ ከማለቁ አንድ ደቂቃ በፊት ፈቀቅ በሉ።

አቡ ዳቢ ወይም የበረሃ ሳፋሪስ?

በመጨረሻው ቀን አታድርጉት። የሼክ ዛይድ ታላቁ መስጊድ ከዱባይ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ፣ ጉብኝትና ምሳ ሲደመር ቀኑን ይበላዋል። የበረሃው ጉዞ ደግሞ ከሰዓት ተነስቶ ከእራት በኋላ፣ ማታ 3 ሰዓት አካባቢ ይመልሳል፤ መኪናው አሸዋ ላይ ወጣ ገባ ሲል ሆዱ የተረበሸ ሰው በዚያው ሌሊት መብረር ይኖርበታል። ሁለቱም መታየት ያለባቸው ናቸው፤ ቦታቸው ግን የጉዞው ሁለተኛና ሦስተኛ ቀን ነው።

በሜትሮ እንሂድ ወይስ ኮስተር እንከራይ?

ለጉብኝት ሜትሮ፣ ለኤርፖርት ኮስተር። በሜትሮ የሚከፈለው በኖል ካርድ ነው። ብርማው ካርድ 25 ድርሃም ሲሆን 19ኙ ውስጡ የሚሄድበት ሒሳብ ነው፤ አንድ ጉዞ እንደ ርቀቱ 3፣ 5 ወይም 7.50 ድርሃም ይቆርጣል። ቡድን የሚሳሳተው በአንድ ካርድ ሁሉንም ሰው ለማሳለፍ ሲሞክር ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ካርድ ያስፈልገዋል፣ ሲገባም ሲወጣም ይነካዋል። ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ክፍል አለ። ወለሉ ላይ ያለው ሮዝ መስመር ያሳያል፤ ሳያስተውል የገባ ወንድ 100 ድርሃም ይቀጣል። መብላት፣ መጠጣትና ማስቲካ ማኘክም እንዲሁ 100 ድርሃም ያስቀጣል።

ሜትሮው ወደ ተርሚናል 1 እና 3 ይሄዳል፣ ወደ ተርሚናል 2 ግን አይሄድም። ሻንጣ የሚፈቀደው ለአንድ ሰው አንድ ትልቅ (81 በ58 በ30 ሳንቲ ሜትር) እና አንድ ትንሽ (55 በ38 በ20) ነው፤ የታሰረ ካርቶንና ማዳበሪያ ይዛችሁ ብትመጡ በሩ ላይ ያስቆሟችኋል። በሥራ ቀናት የመጨረሻው ባቡር እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፣ እሑድ ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት ነው የሚጀምረው። ኮስተር ስትከራዩ የሰዉን ብቻ ሳይሆን የሻንጣውን ቁጥር ተናገሩ። 15 ሰው 30 ሻንጣ ይዞ 22 ወንበር ያለው መኪና ውስጥ አይገባም፤ ለሻንጣው አንድ ቫን ጨምሩ።

ቀኑ አርብ ቢሆንስ? ወሩ ሐምሌ ቢሆንስ?

አርብ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ገደማ የጁምዓ ሰዓት ስለሆነ በአሮጌው ገበያ ብዙ ሱቅ ይዘጋል፤ አንዳንዱም ጠዋቱን ሙሉ አይከፍትም። አርብ ላይ ጠዋቱን በአል ፋሂዲ፣ ገበያውን ከ10 ሰዓት በኋላ አድርጉ።

ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ከባሕሩ የሚነሳው እርጥበት ደግሞ ያፍናል። በሐዋሳ ፀሐይ የለመደ ሰውም አይችለውም። በእነዚህ ወራት ከ4 እስከ 11 ሰዓት ድረስ ውጭ አትዙሩ፤ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ወደ ክሪክ ወርዳችሁ ቀኑን በሞል ውስጥ አሳልፉ። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ።

ጾም ላይ ነን። ምን እንበላለን?

ዴራ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ በየዓይነቱ ይገኛል። ለትልቅ ቡድን ግን ከመድረሳችሁ ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ደውላችሁ ቁጥራችሁን ተናገሩ፤ እንጀራው ሊያልቅ ይችላል።

የሕንዶቹ ሥጋ የለሽ ምግብ ቤቶች በየመንገዱ አሉ፣ ርካሽም ናቸው። ነገር ግን ለእነሱ ሥጋ የለሽ ማለት ወተት፣ እርጎና ቅቤ የሌለበት ማለት አይደለም። ምስሩም ሽሮው መሰሉም ብዙ ጊዜ በቅቤ ነው የሚሠራው። ስታዝዙ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተት፣ ቅቤ፣ እርጎና አይብ እንዳይኖርበት ለይታችሁ ተናገሩ። ፈላፍል፣ ሐሙስ የሚባለው የሽምብራ ማባያና ፉል በዘይት ለጾም የሚሆኑ ናቸው።

አንድ ሰው ከቡድኑ ቢጠፋ እንዴት እንገናኛለን?

በዋትስአፕ መደወል አትችሉም። በኤምሬትስ በዋትስአፕ ጽሑፍ፣ ፎቶና የድምፅ መልእክት ይሄዳል፤ ጥሪው ግን ዝግ ነው። የሐዋሳ ቡድን ሁሉ የሚተማመነው በዚያ ጥሪ ስለሆነ እንደማይሠራ የሚታወቀው ሰው ሲጠፋ ነው። ከየአራቱ ሰው ቢያንስ አንዱ የኤምሬትስ ሲም ይኑረው፤ የእነዚህ ስልክ ቁጥሮችና የሆቴሉ ስም በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ተጽፎ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ይቀመጥ። ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ወረቀት አያልቅበትም።

በየቦታው «ብንጠፋፋ የምንገናኘው እዚህ ነው» ብላችሁ አንድ ነገር ጠቁሙ። በዱባይ ሞል ውስጥ «መግቢያው ላይ» አይባልም፣ መግቢያው ብዙ ነው፤ «የዓሣ ማሳያው መስታወት ፊት» በሉ። የጠፋው ሰው ባለበት ይቁም፣ ሁለት ሰው ይፈልገው፣ ሌላው ቡድን አይበተን። የጠፋውን ሰው ከመንገዱ ማዶ ብታዩትም ሮጣችሁ አትሻገሩ፤ ከተፈቀደው መሻገሪያ ውጭ መሻገር ከ400 ድርሃም ጀምሮ ያስቀጣል። ፖሊስ 999፣ አምቡላንስ 998 ነው።

ወርቅ ስንገዛ ምን እንከራከር?

የግራሙን ዋጋ አትከራከሩ፤ በዕለቱ ገበያ የሚወሰን ነው፣ ሰሌዳ ላይም ተለጥፏል። የምትከራከሩት የእጅ ሥራውን ዋጋ ነው። እዚያ ላይ ነው ከሱቅ ሱቅ ትልቅ ልዩነት ያለው፤ ሦስት ሱቅ ሳትጠይቁ አትግዙ። በወርቁ ላይ የተመታውን ቁጥር እዩ፦ 750 ማለት 18 ካራት፣ 875 ማለት 21፣ 916 ማለት 22 ነው። ፈርጥ ካለው የፈርጡ ክብደት ከወርቁ ተለይቶ ይመዘን፤ አለበለዚያ ድንጋዩን በወርቅ ዋጋ ትከፍላላችሁ።

ደረሰኙ ላይ ግራሙ፣ ካራቱ፣ የዕለቱ ዋጋና የእጅ ሥራው ለየብቻ ይጻፍ። ከ60,000 ድርሃም በላይ የሚያወጣ ጥሬ ገንዘብ ወይም ወርቅ ይዞ የሚወጣ ሰው ለኤምሬትስ ጉምሩክ ማስመዝገብ አለበት።

የቫት ተመላሽ ምንድን ነው? ስንት ይመለስልናል?

በኤምሬትስ በምትገዙት ዕቃ ዋጋ ውስጥ 5 በመቶ ቫት አለ። ጎብኚ ዕቃውን ይዞ ከአገር ሲወጣ ከቫቱ 85 በመቶው ይመለስለታል፤ ከዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ደረሰኝ 4.80 ድርሃም የአገልግሎት ይቀነሳል። ለምሳሌ 1,050 ድርሃም የከፈላችሁበት ዕቃ ውስጥ ቫቱ 50 ነው፤ 85 በመቶው 42.50፣ አገልግሎቱ ሲቀነስ 37.70 ድርሃም በእጃችሁ ይገባል። ከአንድ ሱቅ በአንድ ጊዜ ቢያንስ 250 ድርሃም መግዛት ያስፈልጋል። ለምግብ ቤትና ለሆቴል የከፈላችሁት አይመለስም።

ሥራው የሚጀምረው ሱቁ ውስጥ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ፓስፖርት አሳይታችሁ ለቱሪስት ተመላሽ እንዲመዘግቡት ጠይቁ፤ ከተገዛ በኋላ ኤርፖርት ላይ «ረሳሁት» ቢባል አይሠራም። ፓስፖርቱ የገዛው ሰው ይሁን፣ የአንዱን ዕቃ በሌላው ስም አታስመዝግቡ። ኤርፖርት ስትደርሱ ሻንጣችሁን ለአየር መንገዱ ከማስረከባችሁ በፊት ወደ ተመላሽ ማረጋገጫው ሂዱ፤ ሠራተኛው ዕቃውን አሳዩኝ ሊላችሁ ይችላል። ሻንጣው ቀበቶው ላይ ከወጣ በኋላ የሚያሳየው የለም፣ ተመላሹም ይቀራል። ስለዚህ ተመላሽ የተጠየቀበትን ዕቃ ከሻንጣው ላይኛው በኩል አድርጉት።

ኪሎ እንዳይበዛብን ምን እናድርግ?

ከበረራው በፊት በነበረው ማታ መዝኑ፣ በመጨረሻው ቀን ደግሞ ከባድ ነገር አትግዙ። የሚፈቀደው ኪሎ ትኬታችሁ ላይ ተጽፏል፤ በቁጥር (ለምሳሌ ሁለት ሻንጣ በየ23 ኪሎ) ከሆነ አንዱ 28 ሌላው 18 ቢሆን ድምሩ ቢስማማም የከበደው ያስከፍላል። ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ አንድ ሻንጣ ቢከፈልበትም አብዛኛውን ጊዜ ተቀባይነት የለውም። የእጅ ተንጠልጣይ ሚዛን አንድ ለቡድኑ ግዙ። ኤርፖርት ወለል ላይ ሻንጣ ዘርግቶ ብርድ ልብስና ድስት ማመጣጠን ወረፋ የሚያሳጣም፣ የሚያሳፍርም ነገር ነው።

ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ውስጥ አይገባም፤ መጠኑም ከ100 ዋት ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ማለትም 20,000 የሚለው ያልፋል፣ 30,000 የሚለው ግን ይይዛችኋል። ሽቶ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ በሚጫነው ሻንጣ በልብስ ተጠቅልሎ ይግባ። ማር፣ ክሬምና ቅባትም እንደ ፈሳሽ ነው የሚቆጠረው።

እዚያ የሚሠሩ የአገር ልጆች «ይህችን ለእናቴ አድርሱልኝ» ይላሉ። እንዴት እንመልስ?

ይህ ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ነው፤ ልጅቷ ለዓመታት ያላየቻትን እናቷን አስባ ነው የምትለምነው፣ እምቢ ማለት ያሳቅቃል። የሚሠራው መንገድ እምቢታ ሳይሆን ደንብ ነው። የቡድኑ መሪ ገና ከመጀመሪያው ቀን ይናገር፦ አደራ የሚቀበለው ከመጨረሻው ቀን በፊት ነው፣ ከሁለት ኪሎ አይበልጥም፣ ሳይታሸግ ይመጣል፣ አምጪዋና ተቀባዩ ፊት ለፊት ከፍተው አይተው አብረው ያሽጉታል። የታሸገ ሳሙና፣ የተሰፋ ትራስ፣ የተከፈተ የዱቄት ወተት፣ ሐኪም ያላዘዘው ክኒን፣ የሌላ ሰው ስልክ ወይም ላፕቶፕ አይወሰድም። በቅርብ የምታውቋት ብትሆንም።

ምክንያቱን በግልጽ ንገሯት። ኤርፖርት ላይ «ይህን ሻንጣ ራስህ ነው ያሰርከው?» ሲባል አዎ የሚለው ሰው በውስጡ ላለው ሁሉ ተጠያቂ ነው፤ የኤምሬትስ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ደግሞ «አላወቅሁም» ላለ ሰው ርኅራኄው ትንሽ ነው። ቦሌ ላይም ተመሳሳይ አዲስ ስልክ አራትና አምስት ሆኖ ሲገኝ የንግድ ዕቃ ተብሎ ቀረጥ ይጠየቅበታል። ሆቴል በር ላይ ኮስተሩ ሲነሳ በሩጫ የሚመጣ ፌስታል ካለ ማንም አይቀበል፤ መልእክቷን በድምፅ ቅዱላትና ለእናቷ አድርሱ፣ እሱ ኪሎ የለውም።

የተረፈንን ድርሃም ምን እናድርገው?

ድርሃም ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር 3.6725 ድርሃም። ስለዚህ የዶላር ምንዛሪው ከዚህ ብዙ ከራቀ ሌላ መንዛሪ ጠይቁ። ዴራ ውስጥ ያሉ መንዛሪዎች ኤርፖርት ካሉት ይሻላሉ። ሳንቲም ግን ማንም አይመነዝርላችሁም፣ ለአብራና ለውሃ ጨርሱት። የጋራ መዋጮ ካላችሁ ሒሳቡ ከመጨረሻው ቀን በፊት በነበረው ማታ ይዘጋ፤ ኤርፖርት ውስጥ ተጀምሮ ቦሌ ላይ ያላለቀ የመዋጮ ሒሳብ ብዙ ወዳጅነት አቀዝቅዟል።

በመጨረሻው ቀን ፓስፖርት ቢጠፋብን?

መጀመሪያ ሆቴሉን ጠይቁ፤ ስትገቡ ለኮፒ ወስደው መሳቢያ ውስጥ የቀረ ሊሆን ይችላል። የቫት ምዝገባ ያደረጋችሁበት ሱቅና መንዛሪው ቀጥሎ ናቸው፤ ፓስፖርት ከእጅ የወጣው እዚያ ነውና። ካልተገኘ ለፖሊስ አስመዝግባችሁ ማስረጃውን ይዛችሁ ዱባይ ወዳለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ለአንድ ጊዜ መመለሻ የሚሆን የጉዞ ሰነድ፣ ሊሴ ፓሴ፣ የሚሰጠው እዚያ ነው። የፓስፖርትና የቪዛ ኮፒ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶና ትኬት ይጠየቃልና እነዚህን ከሐዋሳ ስትነሱ በሌላ ቦርሳ ያዙ። ቅዳሜና እሑድ በኤምሬትስ የዕረፍት ቀን ነው። ያ ሰው በዚያው ሌሊት ላይበር ይችላል፤ ቋንቋ የሚችል አንድ ሰው አብሮት ይቅር፣ ቡድኑ ይሂድ።

አንድ አባል «እኔ አልመለስም፣ እዚሁ ሥራ እፈልጋለሁ» ቢልስ?

በጎብኚ ቪዛ መሥራት በኤምሬትስ ወንጀል ነው። ቪዛው ካለፈ በኋላ ለእያንዳንዱ ቀን 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠራል፤ በወሩ 1,500 ነው። ቪዛውን ያወጣው ወኪል ጎብኚው አልወጣም ብሎ ሊያሳውቅ ይችላል፣ ያኔ ሰውየው ኋላ በሕጋዊ መንገድ ለመሄድ ቢፈልግ እንኳ ስሙ ተይዞ ይቆየዋል። ብዙ ወኪሎች የመመለሻ መያዣ ገንዘብ ስለሚይዙ የዋስትናው ገንዘብ የቡድኑ ከሆነ ጉዳቱ ለሌላውም ይተርፋል።

የቡድን መሪ ሰውን በግድ ሊያሳፍር አይችልም፣ ፓስፖርቱን መያዝም ሕገ ወጥ ነው። የሚችለው ሁለት ነገር ነው፤ ማታውን ብቻውን ወስዶ ይህን ሁሉ በቁጥር ማስረዳት፣ ሰውየው ካልሰማ ደግሞ ከበረራው በፊት ለወኪሉ በጽሑፍ ማሳወቅ። ከጉዞው በፊት ሁሉም ሰው ይህን አንብቦ ቢፈርም ግማሹ ችግር አይነሳም።

ቦሌ ከደረስን በኋላ በዚያው ወደ ሐዋሳ እንነሳ?

በስንት ሰዓት እንደምትደርሱ ይወስነዋል። በረራው አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሌሊት 8:45 የተነሳ አውሮፕላን በእኛ ሰዓት ንጋት 12 ሰዓት አካባቢ ያሳርፋችኋል። ኢሚግሬሽን፣ ሻንጣና ጉምሩክ ተጨምሮ 2 ሰዓት ላይ ብትነሱ በቀን ብርሃን ሐዋሳ ትገባላችሁ። ማታ የምታርፉ ከሆነ ግን አዲስ አበባ እደሩ። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እስከ ሞጆና ከዚያም እስከ ባቱ ያለው ፈጣን መንገድ ቢያሳስትም፣ ከዚያ ወዲያ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ በኩል በጨለማ ከብት፣ ጋሪና መብራት የሌለው ባጃጅ ያጋጥማል።

ሾፌሩ ሌሊቱን ኤርፖርት ሲጠብቃችሁ ያደረ ከሆነ እሱም አልተኛምና ይህን አስቡበት። ሌላ ሾፌር ከሐዋሳ ይምጣ፣ ወይም ሾፌሩ ከተማ ውስጥ አድሮ ጠዋት ይቀበላችሁ። በአውሮፕላን ወደ ሐዋሳ የምትቀጥሉ ከሆነና ያ ትኬት ለብቻው የተገዛ ከሆነ የአገር ውስጡ ኪሎ ከዱባዩ ሊያንስ ይችላል፤ ከባዱን ሻንጣ በኮስተሩ ላኩት፣ ደረሰኞቻችሁን ግን ለጉምሩክ በእጃችሁ ያዙ።